የክብር ርቀት ሹም

ይህ አገር በየትኛውም ካርታ ላይ የለም፤ የኖረበት ሰው ግን ሞልቷል። ስሙን አልነግራችሁም። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ራሳችሁ ስም ታወጡለታላችሁ።

አገሩ ዙሪያውን በቆዳ የታጠረ ነበር። ቅጥሩ ድንጋይ አይደለም፣ እንጨትም አይደለም፤ በቅባት የራሰ፣ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ለስላሳ ቆዳ ነው። በር የለውም። ከቅጥሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ውሃ ነው። ከሰዉ እኩሌታው በታንኳ ላይ ይኖራል፣ እኩሌታው ደግሞ በቅጥሩ ጥግ በተዘረጋ እርከን ላይ። መሃል ላይ ክብ ግንብ አለ። ገዥው እዚያ ተቀምጦ ትእዛዝ ይልካል፤ ፊቱን አየሁ የሚል ሰው ግን የለም።

ከቅጥሩ ባሻገር፣ ከጠባብ ሸለቆ ማዶ፣ የወናፍ ሰፈር አለ። እዚያ ያሉት ጡንቻቸው የፈረጠመ ሰዎች አንድ ትልቅ ወናፍ ይነፋሉ፤ የአገሩ ሁሉ አየር የሚመጣው ከእነሱ ነው። ነገር ግን እንቅልፋሞች ናቸው። ማንቂያ የሚባል ዱቄት ካልተበተነባቸው ከቶ አይነቁም፤ ሲበተንባቸው ነቅተው ወናፉን አንድ ጊዜ ይጫኑና ተመልሰው ይተኛሉ። ስለዚህ ማንቂያው ሳያቋርጥ መድረስ አለበት። የሚሠራው መሃል አገር ነው፤ ወደ ቅጥሩ የሚጓዘውም በቆዳ ታንኳ ተጭኖ ነው። በር በሌለው ቅጥር እንዴት አልፎ ይወጣል? ይህ የአንጓች ሥራ ነበር።

አንጓች የቅጥር ሰው ናት። የቅጥር ሰዎች ወገባቸውን በጠፍር ከቅጥሩ ጋር አስረው ይቆማሉ፤ የታንኳ ሰዎችም እንዲሁ ከታንኳቸው ጋር ይታሰራሉ። የሁለቱም ጠጉር ከተወለዱ ጀምሮ ምላጭ አይነካውም፤ ረጅም ነው፣ ጥንካሬውም እንደ ገመድ ነው። ታንኳው ሲቀርብ የታንኳው ሰው የጠጉሩን ጫፍ ይወረውራል፣ የቅጥሩ ሰው ይቀልበዋል። ከዚያ ሁለቱን ጠጉር ባንድ ላይ ከጫፍ ጀምረው ወደ ራሳቸው እየጎነጎኑ ይመጣሉ። ጉንጉኑ ባጠረ ቁጥር ታንኳው ይጠጋል፤ በመጨረሻ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። ቅባታም ቆዳና ቅባታም ቆዳ በመሃላቸው ውሃ እያለ አይዋደዱም፣ ይገፋፋሉ። ጉንጉኑ ግን ያንን ውሃ ጨምቆ ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ሁለቱ ቆዳዎች አንድ ይሆኑና አፍ ይከፈታል፣ ማንቂያው ወደ ሸለቆው ይፈሳል። ታንኳው ራሱ ተዘርግቶ የቅጥሩ አካል ይሆናል። ኋላ ደግሞ ቅጥሩ ሌላ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና አዲስ ባዶ ታንኳ ከእሱ ይወለዳል። እናንተ ልብ በሉ፤ ከዚያ ቅጥር ላይ አንድ ቀን ታንኳ ሆኖ ያልተንሳፈፈ ቁራጭ ቆዳ አልነበረም።

የአንጓች የሥራ ጓደኛ ሰጥአርጌ የሚባል የታንኳ ሰው ነበር። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ግንባር ለግንባር ሲገጥሙ ስለኖሩ ባሏ ልብ ያላለውን የቅንድቧን ጠባሳ እሱ ያውቀዋል።

«ዛሬ ደግሞ ምን በልተሽ ነው? ነጭ ሽንኩርቱ ገደለኝ እኮ» ይላታል።

«አንተ ደግሞ ዓሣ በዓሣ ሆነህ ነው የመጣኸው። ዝም ብለህ ጎንጉን» ትለዋለች።

ከጎናቸው ጨው ቀማሹ ደምለው ይቆማል፤ እሱም የቅጥር ሰው ነው። በቅጥሩ ላይ ባለች ትንሽ ሽንቁር ምላሱን አውጥቶ ይጠብቃል። ከውጭ የጨው ነፋስ ሲመጣ የወናፍ ሰፈር ማንቂያ ፈልጓል ማለት ነው። እስከዚያ የጉንጉኑ የመጨረሻ ዙር አይሳብም፤ ሁለቱ ጡንቻቸው እየተንቀጠቀጠ ይዘው ይቆማሉ። ደምለው ጨዉን እንደቀመሰ «አሁን!» ይላል፤ ይስባሉ፤ አፉ ይከፈታል።

ሥራው ሲያልቅ ሰጥአርጌና አንጓች ቅጥሩ ላይ ጎን ለጎን እንደተጎነጎኑ ይቀራሉ። ያን ጊዜ እማማ ይርገዱ ሚዶዋን ይዛ ትመጣለች። ይርገዱ ፈቺ ናት። የጠበቀ ጉንጉን መፍታት ከመጎንጎን ይከብዳል፤ ስለዚህ በልታ ነው የምትጀምረው፣ እየበላችም ትፈታለች። «ሆዴ ባዶ ከሆነ ጣቴ አይታዘዘኝም» ትላለች። ፈትታ ስትጨርስ ሁለቱንም ጀርባቸውን መታ መታ አድርጋ ትሸኛቸዋለች፤ ሰጥአርጌ ወደ አዲስ ታንኳ፣ አንጓች ወደ ቦታዋ። ማንም አያመሰግናቸውም ነበር። እነሱም ምስጋና ይገባናል ብለው አስበው አያውቁም። አየር ነበራ!

አንድ ቀን፣ ከቅጥሩ በተወለደ ባዶ ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ እንግዳ ከውጭ ገባ። ከየት መጣህ ያለው የለም። ምን ይዘሃል ያለውም የለም። የያዘው መቀስ ነበር።

መጀመሪያ ወደ ቅጥር ሰዎች ሄደ። «እናንተ የቆማችሁ ሕዝብ ናችሁ። ተንሳፋፊ ሁሉ እርጥብ ግንባሩን በግንባራችሁ ላይ ሲያሽባችሁ እንዴት ዝም ትላላችሁ?» አላቸው። በዚያው ዕለት፣ በዚያው አፉ፣ ወደ ታንኳ ሰዎች ወርዶ «እናንተ ነጻ ሕዝብ ናችሁ። የታሰረ ሰው ሁሉ ጠጉራችሁን ሲጎትት እንዴት ትችሉታላችሁ?» አላቸው። ሁለቱም ወገን እስከዚያ ቀን መበደሉን አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አወቀ።

«ሰውየው እውነት ተናገረ» አለ ደምለው። «እነዚህ የታንኳ ሰዎች መጥተው በእኛ ቅጥር ላይ ይዘረጋሉ። የአባቶቻችን ቅጥር ነው።»

«የቆምክበትን ቆዳ እየው እስቲ» አለችው አንጓች። «ትናንት ታንኳ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የሳብኩት።»

«አንቺ ደግሞ ከእነሱ ጋር ግንባርሽን ስታሻሺ ጠረናቸው ገብቶብሻል» አላት። አብሯት ስንት ዘመን የሠራ ሰው ነው እንዲህ ያላት።

ክቡ ግንብ እንግዳውን ሾመው። የክብር ርቀት ሹም ተባለ። የፊት ገጹን ያላሳየ ገዥ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሹም ሾመ፤ ማን ማንን ይጠይቅ!

ሹሙ የክብር ክንድ የሚባል በትር አስቀረጸ። በቅጥር ሰውና በታንኳ ሰው መካከል ቢያንስ ያ በትር የሚያህል ክፍተት መኖር አለበት ተባለ። በትሩን የሚይዝ ሹም አለ፣ በትሩ አለመንጋደዱን የሚያይ ሹም አለ፣ በትሩን የሚያወድስ ደግሞ ለብቻው ሌላ ሹም አለ። የተጋቡ የቅጥር ሰውና የታንኳ ሰው በአልጋቸው መሃል በትር እንዲያጋድሙ ታዘዘ። ጥላቸው የተነካካ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለገዛ ጥላቸው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። መቀሱ ራሱ በከፈይ ትራስ ላይ ተቀምጦ፣ ጥላ ተይዞለት፣ በነጋሪት ታጅቦ በእርከኑ ላይ ይዞራል። አንድ ሽማግሌ ቁርጥማት ይዞት ቆሞ ባለመቀበሉ «መቀሱን አስቀይመኸዋል» ተብሎ፣ መቀሱ እስኪታረቀው ድረስ ትራሱ ሥር ተንበርክኮ ዋለ። ይህን ያየ ሰው መሳቅ ነበረበት። አልሳቀም። ነጋሪቱ ያማረ ነው አለ እንጂ።

ቀጥሎ ሹሙ ጠጉር እንዲቆረጥ አዘዘ፤ ቆረጣው ከታንኳ ሰዎች ተጀመረ። አንጓችና ሰጥአርጌ እየጎነጎኑ፣ ግንባራቸው ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው፣ መቀስ ያዦቹ ደረሱ። ሰጥአርጌ ታስሯል፣ ጠጉሩም ተይዟል፣ የት ይሸሻል? ከሥሩ ሸረከቱት። ታንኳው ተፈናጥሮ ወደ ኋላ ሄደ። የሰጥአርጌ ጠጉር በአንጓች ጠጉር ላይ እንደተጠመጠመ ቀረ።

«አጨብጭቡ!» አለ ሹሙ።

ደምለው አጨበጨበ። እርከኑ ላይ የቆመው የቅጥር ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንጓች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አንቺስ?» አላት ሹሙ።

«የሥራ ባልደረባዬን አበላሻችሁብኝ። ምኑን ላጨብጭብ?»

«ክብርሽን ነው ያስመለስንልሽ።»

«ክብሬ ጠፍቶብኝ አያውቅም» አለችው። «ማንቂያው ግን ያው ታንኳው ላይ ቀርቷል። ማን ያወጣዋል?»

በትሩን የሚያወድሰው ሹም ማወደስ ጀመረ።

ይርገዱ ያን ዕለት የሰጥአርጌን ጠጉር ከአንጓች ጠጉር ውስጥ እየፈለቀቀች አወጣችው። የምትፈታው ጉንጉን ሁሌ ሁለት ሕያው ሰው ነበረበት፤ ይኸኛው ግን አንዱ ጫፉ ሙት ነው። ሚዶዋን አስቀምጣ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈትቼ አላውቅም» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስናገር ደሜ ይፈላል። ታንኳዎች እንደ ወትሮው ማንቂያ ጭነው ወደ ቅጥሩ መጡ፤ የሚስባቸው የለም፤ እዚያው ቆሙ። በላያቸው ሌሎች መጡ፣ ቆሙ። ውሃው በታንኳ ተሞላ። ሹሙ ሰገነት ላይ ወጥቶ «በአገራችን ታሪክ ይህን ያህል ታንኳ በቅጥራችን ጥግ ተሰልፎ አያውቅም! ይህ የርቀት ፍሬ ነው!» ብሎ ተናገረ። ደምለው የጨው ነፋስ ሲመጣ ያው «አሁን!» ይላል፤ ምንም አይከፈትም። ጨዉ እየበረታ መጣ፤ የወናፍ ሰፈር ማንቂያ አጥቶ ተኝቷል። ደምለው «አሁን! አሁን!» እያለ ጉሮሮው ተሰነጠቀ። ለጩኸቱ ካባ ተሸለመ።

አየሩ ቀጠነ። መጀመሪያ የመብራቱ ነበልባል አጠረ። ዘፋኞች ዘፈኑን መሃል ላይ ያቋርጡ ጀመር። ከዚያ ሰው ደረጃ ሲወጣ ሁለት ሦስቴ ይቀመጣል፣ ሕፃናት እያለቀሱ ድምፅ አጡ። ሹሙ ምን አደረገ? አዲስ ደንብ አወጣ። የታንኳ ሰው ያስወጣውን ትንፋሽ የቅጥር ሰው እንዳያስገባ፣ ሁለቱ ወገኖች በተራ እንዲተነፍሱ አዘዘ። ነጋሪት ሲመታ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ይዞ ይቆያል። ሰው እየታፈነ ተራውን ይጠብቅ ነበር! እየታፈነ፣ ዓይኑ እየፈጠጠ፣ ነጋሪቱን ይጠብቅ ነበር።

ቀጥሎም የቅጥር ሰዎች ጠጉር እንዲቆረጥ ታዘዘ። ለምን ቢባል፣ ለብዙ ዘመን ከታንኳ ጠጉር ጋር ስለተነካካ ረክሷል ተባለ። ያጨበጨቡት ሁሉ አሁን ጭንቅላታቸውን ይዘው ቆሙ።

አንጓች ጠጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ይርገዱን ደግፋ፣ እርከን እርከኑን ይዛ ወደ ጀርባ ሰፈር ሸሸች። ጀርባ ሰፈር ከቅጥሩ ሩቅ ጥግ ያለ፣ ታንኳ ቀርቦበት የማያውቅ፣ የሹሙ ነጋሪትም የማይሰማበት ቦታ ነው። ከዚያም በኩል ቢሆን ከቅጥሩ ማዶ ያው ሸለቆ፣ ያው የወናፍ ሰፈር ነው። ሰጥአርጌን እዚያ አገኘችው፤ ከተቆረጠ በኋላ ማንቂያ የጫነ ታንኳውን ቀዝፎ መጥቶ ሸምበቆ ውስጥ ተደብቋል። ጠጉሩ ስንዝር ያህል አቆጥቁጧል።

«ይበቃል?» አላት።

«ሌላው ጠጉር ከረዘመ ይበቃል። ግን የእኔ ብቻ አይችለውም። ሌላ የቅጥር ሰው ያስፈልገናል።»

በጀርባ ሰፈር ከሚኖሩት ሴቶች እንወይ የምትባለው የተከበረችና ኃይለኛ ነበረች። አንጓች ብታስረዳት እጇን አወናጨፈች።

«የታንኳ ሰው ግንባሬን ሊነካ? ደግሞ ይገማሉ ይባላል።»

«ማን አለሽ?»

«ሲባል ነዋ።»

«ዓሣ ዓሣ ይሸታል» አለች አንጓች። «አልዋሽሽም። አንቺም ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ። እናትሽ ግን እዚያ ምንጣፉ ላይ አፏን ከፍታ አየር ትለምናለች። እየሰማሻት ነው።»

እንወይ ወደ ቤቷ ውስጥ ዞር ብላ ተመለከተች። ሻሿን ፈታች።

ይርገዱ በዚያ ቀን ቅጥሩን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ለአንጓች ጠጉሯን ልታበጥርላት ሚዶዋን አነሣች፤ ክንዷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አንጓች «እማማ?» ብላ ዞራ ብታያት ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ዕድሜ ልኳን በሌሎች ትከሻ መካከል ቆማ የፈታች ሴት፣ የትንፋሽ ተራዋን እንኳ ሳትጠብቅ፣ በቀን ብርሃን፣ በአየር እጦት ሞተች። አንጓች አላለቀሰችም። ለማልቀስ አየር ያስፈልጋል። አስከሬኑን በነጠላዋ ሸፈነችና ጠፍሯን ከቅጥሩ ጋር አሰረች።

ልትጀምር ስትል ደምለው እየተጎተተ ደረሰ። ጠጉሩ ተላጭቷል፣ ካባው የለም።

«አንጓች፣ እኔ...» አለ።

«ዝም በል።»

«ይቅር በይኝ ልልሽ ነው።»

«ይርገዱ እዚያ ተኝታለች፤ ይቅርታውን እሷን ጠይቃት» አለችው። ጠፍሯን አጠበቀች። «እኔ ይቅር አላልኩህም። የምፈልገው ምላስህን ነው። ሽንቁር ቅደድና ቁም።»

ደምለው ቆመ። ሰጥአርጌ አጭር ጠጉሩን አቀበላቸው፤ አንጓችና እንወይ ከሁለት ወገን ያዙት። የአጭር ጠጉር ጉንጉን ያማል፤ የራስ ቆዳው ደም እስኪቋጥር ጎነጎኑት። ታንኳው ተጠጋ። ውሃው ተጨመቀ። የእንወይ ግንባር ከሰጥአርጌ ግንባር ጋር ሲገጥም ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ከፈተችው።

«አሁን!» አለ ደምለው፣ በተሰነጠቀ ጉሮሮው።

ሳቡ። አፉ ተከፈተ። ማንቂያው እንደ ጭጋግ ወደ ሸለቆው ወረደ። ከዚያ ከማዶ የወናፉ ሳንቃ ሲንቋቋ ተሰማ፤ አንድ ረጅም ነፋስ በቅጥሩ ላይ አለፈ። በእንወይ ቤት ውስጥ አሮጊቷ በኃይል ሳለች፣ ቀጥሎም ውሃ ስጡኝ አለች።

የሚፈታቸው ስላልነበረ ሦስቱ እንደተጎነጎኑ ቀሩ። ሹሙ ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ መቀስ ያዦቹን አስከትሎ ሲደርስ ያገኛቸው እንደዚያው ነው።

«ቁረጡ!» አለ።

የመቀሱን ትራስ የተሸከመው ሰውዬ አልተንቀሳቀሰም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስንት ጊዜ ሲታፈን ከርሞ አየር ያገኘ ደረት ነው።

«ጌታዬ» አለ፣ «ስንቆርጠው ይኼ አየር ይቆማል?»

«ክብር ይቀድማል።»

«እኔ ቤት የታመመች ሚስት አለችኝ። የታንኳ ሰው ናት። በመሃላችን በትር አጋድሜ ስትታፈን አዳመጥኳት።» ሰውዬው ትራሱን ከነመቀሱ እርከኑ ላይ አስቀመጠ። «እርስዎ ይቁረጡት። እኔ አልቆርጥም።»

ሹሙ ሌሎቹን አየ፤ ሌሎቹም መሬት መሬት አዩ። በገዛ እጁ አንድ ጠጉር ቆርጦ አያውቅም ነበር፤ የቆረጠው ሁሉ በሰው እጅ ነው። መቀሱን አነሣ፣ ሰውዬው ግን በእሱና በጉንጉኑ መካከል ገብቶ ቆመ። ሹሙ ዞሮ ሄደ። አልተያዘም፣ አልተሻረም። እስከዛሬም በአሮጌው እርከን ላይ፣ ታንኳ በማይቀርብበት ቦታ፣ ባዶውን ውሃ በበትሩ እየለካ ደንብ ያወጣል ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው እንዲሁ በቀላሉ አይጠፋም።

እንወይ ሚዶ አያያዝ አታውቅም፤ ትራስ ተሸካሚው ቂጣ እያጎረሳት፣ በጣቷ እየመዘዘች ራሷንም እነሱንም ፈታች። በማግሥቱ ሌሎች የጀርባ ሰፈር ሴቶች መጡ፤ ከሸምበቆው ውስጥም ጠጉራቸው ያቆጠቆጠ የታንኳ ሰዎች ታንኳቸውን እየቀዘፉ ወጡ። አየሩ ቀስ በቀስ ወፈረ።

ያን ጊዜ ነው ክቡ ግንብ አዋጅ ነጋሪ የላከው። አንጓች ከሰጥአርጌ ጋር ተጎንጉና ስትስብ አዋጁ ደረሰ፦

«በገዛ ፈቃዱ ሄዶ የነበረው አየር በገዛ ፈቃዱ ተመልሷል! ለተመለሰበት ጥበብ ለገዥው ምስጋና ይሁን! የጎደለ ነገር የለም፣ የሞተም ሰው የለም!»

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች አንጓች።

«ተይው እባክሽ» አላት ሰጥአርጌ፣ ግንባሩ በግንባሯ ላይ እንዳለ። «ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

«ትንፋሹን ያመጣሁት ለዚህ ነው!» አለችው። አንገቷን ማዞር ስለማትችል ፊት ለፊት፣ በእሱ ፊት ላይ ጮኸች፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ሰማ። «ይርገዱ በአየር እጦት ሞተች! አየሩን የዘጋው መቀስ ነው! መቀሱን የሾመው ግንቡ ነው!»

አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ሊመታ እጁን አነሣ። እንወይ ከወዲያ ማዶ «ይርገዱ ሞተች!» ብላ ተቀበለቻት። ቀጥሎ ትራስ ተሸካሚው። ቀጥሎ ምላሱን ከሽንቁሩ አውጥቶ ደምለው፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ፣ ከሁሉ አስበልጦ። አዋጅ ነጋሪው እጁን እንዳነሣ ቀረ፤ ነጋሪቱ ከዚያ ሁሉ ድምፅ በላይ እንደማይሰማ ገባው።